ነገ የሌለው ሰዋስው

በሃምሳ ሳንቲም ነው የገዛሁት፣
ከሉተራን ቤተክርስቲያን ምድር ቤት፣
ከተሰነጠቀ ሳህንና ከልጅ ጫማ መሐል፤
ሽፋኑ ላይ የኩባያ ክብ ታትሟል።
«ፊንላንድኛ ለጀማሪ»። ውስጡ፣ በእርሳስ፣
«ኤይላ፣ ሰባ አራት»። እስከ ትምህርት ስድስት ድረስ
ጠርዙን ሞልታዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ንጹሕ ሜዳ።
አወቅኳት። የኔ ቢጤ ናት፤ ጀምራ፣ ትታ፣ ሄዳ።

ኮለምበስን በሦስት ዓመት፣ ዊኒፔግን በክረምት ተኩል፣
ስፓኒሽን ትምህርት ሰባት ላይ፣ ትዳሬን መንገዱ እኩል፣
ጀርመንኛን ከሃያ በፊት። ሁሉም እንዲያው ቀረ።
የእግሬ መዳፍ ያሳክከኛል። መንገድ ነው ይሉታል፤ ስንቱ ተዞረ።

አሁን ተንደር ቤይ ነኝ፤ የከተማ አውቶቡስ እነዳለሁ፣
ከእህል ጎተራው እስከ ሆስፒታል ቀን ሙሉ እመላለሳለሁ።
ቁንጥንጥ ሰው ላንድ መስመር! ሳስበው እስቃለሁ።

ትርሲት ትደውላለች፦ «ፊንላንድ ልትሄጂ ነው?» «አይ።» «ባል አገኘሽ?» «አይ።»
«ከተማርሽስ አይቀር ፈረንሳይኛ ተማሪ፤
ካናዳ ነው፣ እሱ እንኳ ደሞዝ ጨማሪ።»

ልክ ናት። መልስ የለኝም። ብቻ፣ በእንግሊዝኛ ስሳሳት
ሰው ቀስ ብሎ ይጮህብኛል፣ ጆሮዋ እንደደከመ አክስት፤
በዚህኛው ስሳሳት ግን የሚታዘበኝ ማቀዝቀዣው ነው፣
እሱም የራሱን ያጉረመርማል፤ ግድም የለው።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነቃለሁ። ትምህርት ሁለት እንዲህ ይላል፦
ለእሱም ለእሷም አንድ ቃል ነው፤ «ሃን» ይበቃል።
በእኛ ግሡ ራሱ ይመሰክራል፤
«ሄደ»፣ «ሄደች»፤ ጥፋተኛው በአንድ ፊደል ይለያል።
እዚህ ግን «ሃን ሄደ»፤ ማን በሩን ዘጋ፣ ማን አመረረ፣
ዳኛም አይለይ። የኔና የዘርይሁን ነገር በዚህ ቢነገር፣ ስንት ሙግት በቀረ።

ትምህርት ሦስት ላይ ደነገጥኩ። «መጽሐፍ አለኝ» ለማለት
«እኔ ዘንድ መጽሐፍ አለ» ነው የሚሉት።
እንግሊዝኛ ይጨብጣል፤ ጨብጦ ባለቤት ነው፤
በእነሱና በእኛ ግን ዕቃው በራሱ ነው ያለው፣
እኛ ዘንድ ለጊዜው ተጠግቶ፣
ሲፈልግ እንደሚሄድ እንግዳ ተጎልቶ።
ተነሥቼ ክፍሉን አየሁት፦ እኔ ዘንድ ወንበር አለ።
እኔ ዘንድ አንድ ድስት አለ። እኔ ዘንድ መስኮት አለ፤
ከመስኮቱ ወዲያ ሐይቅ፣ ሐይቁ ማዶ የተጋደመ
ሰው መሳይ ተራራ፣ ተኝቶ ያልደከመ።
ቀናሁበት።

ትምህርት አምስት፦ ለነገ የተለየ ግሥ የለንም ይላል፤
የዛሬው «እሄዳለሁ» ለነገም ያገለግላል።
የእኛም እንዲያ ነው ለካ! ዕድሜ ልኬን ስለው ኖሬ፣
ወደ ነገ የምሄድ ሲመስለኝ፣ የሸሸሁት ከዛሬ።

ማክሰኞ ሲመሽ፣ ብርዱ ጆሮ እየቆነጠረ፣
አንድ ሽማግሌ ጓንቱን በጥርሱ ጎትቶ ሳንቲም ቆጠረ።
ባለፈው ሳምንት በስልክ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ፤ ያው ነው ቋንቋው።
አምስት ወር ለማቀዝቀዣ ያልኩትን፣ ደፈርኩና አልኩት ለሰው፦
«ሁዎሜንታ!»

በሩ እንደተከፈተ ቀረ። ከኋላ አጉረመረሙ።
ሽማግሌው መስኮቱን አየ፣ ጨለማውን፣ ከዚያ እኔን።
«እሱ የጠዋት ነው» አለ በእንግሊዝኛ፤ «መሽቷል፣ ልጄ፣ አሁን።»
ሳቀ። የምሽቱንም ነገረኝ፤ በሩ ሲዘጋ በጩኸቱ አመለጠኝ።
ሆስፒታሉ ጋ ሲወርድ፣ ዞር ሳይል፣ እጁን አነሣልኝ።

ሌሊት መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። «ሁዎሜንታ»፦ እንደምን አደሩ።
ከሥሩ «ሁዎሜና»፦ ነገ። በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው የኖሩ።
ነጋ። ነገ።
የእኛዎቹም አንድ ቤት ናቸው፤ ስንቴ አፌ ውስጥ አለፉ።
ለሽማግሌው በምሽት «ነገ» ልለው አንዲት ፊደል ነበረች ትርፉ።

ትምህርት ስድስት አለቀ። የኤይላ እርሳስ እዚህ ቆመ።
ሰባት ንጹሕ ነው። የኔን እርሳስ ቀረጽኩ።
የግራ እግሬ መዳፍ ያሳክከኛል።
አከክሁትና ገጹን ገለጥኩ።